ስልኩ ከልጅ ምን ያህል ይራቅ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሁሉም የሚጠይቁት ከእጅ ስልክ ስለሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ብዙዎቹም የተጻፉት ለልጆች በመጨነቅ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጅዳ ነው የምትሠራው። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ በኢሞ ትደውላለች፤ ልጅቱም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ያልፋል። ጎረቤቶቼ ‹ጨረሩ የልጅ አንጎል ይጎዳል፣ ንጠቂያት› ይሉኛል። ስነጥቃት ደግሞ ለቅሶዋ አይቻልም። ምን ላድርግ?» አያት፣ ከደሴ ሆጤ

አብሽሩ እናታችን፤ አይንጠቋት። ልጅቱ የእናቷን ድምፅ መስማት አለባት። መለወጥ ያለበት ስልኩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቶችዎ ከሚሉት ውስጥ እውነቱን እንለይ። ከስልክ የሚወጣው ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ቅንጣት የሚሰብር ጉልበት የለውም። በእርግጠኝነት የታወቀው ሥራው ሰውነትን በጥቂቱ ማሞቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ምድቡ ማስረጃው ውስን ለሆነ ነገር የሚሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል። ያው ድርጅት አሠርቶት በ2024 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በእጅ ስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ እስካሁን ላለፈው ጊዜ ራስዎን አይውቀሱ፤ ልጅቱም ታማለች ብለው አይስጉ።

ጥንቃቄውን የምንመክረው የልጅ ጭንቅላት ከአዋቂ ጭንቅላት ስለሚለይ ነው። ስልክ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ የልጅ አንጎል የሚቀበለው ጉልበት በአማካይ ከአዋቂው ሁለት እጥፍ እንደሚሆን፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ደግሞ እስከ 10 እጥፍ ሊቀበል እንደሚችል ያው ተቋም በ2011 ገልጿል። የልጅ የራስ ቅል ስስ ነው፤ ጭንቅላቷ ትንሽ ስለሆነም አንቴናው ለአንጎሏ ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ትጠቀማለች። መከላከያው ሳንቲም የማያስወጣ ሆኖ ሳለ የሚተውበት ምክንያት የለም።

ዛሬ ማታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በመጽሐፍ ደግፈው ያቁሙት፤ ላውድ ያድርጉት፤ ልጅቱ ከስልኩ አንድ ክንድ ርቃ ትቀመጥ። የሞገዱ ጥንካሬ ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ይወድቃል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ፣ 10 እጥፍ ሲሆን ወደ መቶኛ ገደማ ይወርዳል። በጣም በቅርብ ርቀት ስሌቱ እንዲህ የተስተካከለ ባይሆንም አንድ ክንድ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ስልኩን ጭኗ ላይ ማስቀመጥ ግን ከጆሮዋ አርቆ ወደ ሆዷ ማቅረብ ነው፤ እሱም ይቅር።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ልጅ ካርቱን ስታይ ስልኩ በአብዛኛው የሚሠራው መቀበል ነው፤ የሚልከው ጥቂት ነው። በቪዲዮ ስትነጋገር ግን የራሷን ምስልና ድምፅ ሳያቋርጥ ይልካል፤ ሞገድ የሚወጣው ደግሞ ሲልክ ነው። ምስሉ ሲቆም፣ ድምፁ ሲቆራረጥ ስልኩ እየታገለ መሆኑን ይወቁ፤ ያን ጊዜ ቪዲዮውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ይቀጥሉ፣ ወይም ስልኩን ወደ መስኮት ያስጠጉት። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ በሱ ያናግሯት። የዋይፋይ የመላኪያ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ዋት አይበልጥም፤ ሩቅ ታወር ለመድረስ ከሚጥር የሞባይል ዳታ ያነሰ ነው። የዋይፋይ ማሰራጫውም ከአልጋዋ ራስጌ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

ለእንቅልፉ ደግሞ እናቷ ተረት ወይም እሹሩሩ በቮይስ ቀርጻ ትላክ። ድምፁ ስልኩ ላይ ከወረደ በኋላ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ ኤርፕሌን ሞድ የሚባለው ነው። ብዙ ስልክ ላይ ኤርፕሌን ሞድ ሲበራ ዋይፋይና ብሉቱዝ በርተው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሁለቱንም አይተው ያጥፉ። እንዲህ የተዘጋ ስልክ ድምፁን ያሰማል፣ ሞገድ ግን አይልክም። ካርቱንም ቢሆን ቀን በዋይፋይ አውርዶ፣ በኤርፕሌን ሞድ ማሳየት ይቻላል። ስልክ አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ይህ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ልጅቱ ስትተኛ ስልኩን ከትራሷ ሥር ያውጡት፤ ቻርጅ ላይ ከሆነ ደግሞ በጭራሽ አይተውት፤ ትራስ ሥር የታፈነ ባትሪ ይግላል፣ እሳት ሊያስነሳም ይችላል።

«ደላንታ ውስጥ፣ ወደ በሽሎ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ባለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የምንኖርበት ቤት ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ውስጥ ሆኜ ስደውል ኔትወርኩ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ባትሪ እንዲቆይልኝ 2ጂ በሚባለው አሮጌው የኔትወርክ ዓይነት ላይ ብቻ አድርጌዋለሁ። ወደ ቁልፍ ስልክ ብመለስስ ጨረሩ ይቀንስልኛል?» መምህር፣ ከደላንታ

አይቀንስልዎትም፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ጥያቄዎ ግን ከሁሉም ደብዳቤዎች ይበልጥ ወደ ጉዳዩ እምብርት የገባ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት አይልክም። ከሸለቆ ማዶ ያለ ሰውን የሚጣራ ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ስልክም ታወሩ ሲርቀው ወይም ሲጋረድበት ጉልበቱን ይጨምራል፤ ታወሩ በደንብ ሲሰማው ይቀንሳል። ስለዚህ ሰው በብዛት ለሞገድ የሚጋለጠው ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ ሲያወራ ነው። የእርስዎ ቤት ሁለቱንም መጋረጃ አሟልቷል፦ ገደሉ ታወሩን ይሸፍናል፣ ቆርቆሮው ደግሞ የተረፈውን ሞገድ ይመልሳል።

2ጂ ላይ ያለ ስልክ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሞገድ ድግግሞሽ ሲልክ በቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል። የሚልከው ከስምንት የጊዜ ክፍልፋዮች በአንዱ ብቻ ስለሆነ አማካዩ እስከ 0.25 ዋት ነው። 3ጂ እና 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ከፍተኛው ከ0.2 እስከ 0.25 ዋት ነው። ሲታይ ጣሪያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው በአያያዛቸው ነው። 3ጂ በሴኮንድ 1500 ጊዜ ጉልበቱን እየለካ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይልካል። 2ጂ ግን አሠራሩ ሻካራ ነው፤ ኔትወርክ ደህና በሆነበት ቦታም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወደ ጣሪያው ቀርቦ ይቆያል። በሰዎች አጠቃቀም ላይ በተደረጉ ልኬቶች ጥሩ ሽፋን ባለበት የ3ጂ ጥሪ አማካይ ጉልበት ከ2ጂ እስከ መቶ እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቁልፍ ስልኮች አብዛኞቹ 2ጂ ብቻ ናቸው። ትንሽ ስልክ ትንሽ ጨረር ያወጣል የሚለው ግምት በዚህ ምክንያት ይወድቃል።

ስለዚህ ወደ ሴቲንግ ገብተው፣ ሞባይል ኔትወርክ ከሚለው ሥር የኔትወርክ ዓይነቱን ከ«2ጂ ብቻ» ወደ 4ጂ/3ጂ/2ጂ ኦቶ ይመልሱት። ከዚያ ጥሪ ላይ ሳሉ ከስክሪኑ አናት ይመልከቱ። «ኢ» ወይም «ጂ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ከታየ ጥሪው 2ጂ ላይ ወርዷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቤትዎን ዙሪያ ይለኩ። ሴቲንግ፣ ስለ ስልኩ፣ ስታተስ፣ ሲም ስታተስ እያሉ ሲገቡ «ሲግናል ስትሬንግዝ» የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ በዲቢኤም የተጻፈ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው። ከዜሮ ሲርቅ ይደክማል፦ 4ጂ ላይ −85 ጥሩ ነው፣ −115 ደካማ ነው። የ10 ልዩነት የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ቁጥሩን አልጋዎ አጠገብ፣ በሩ ላይ፣ ደጅ፣ ከዚያም ታወሩ ያለበት አቅጣጫ በሚታይበት ጉብታ ላይ ያንብቡት፤ በየቦታው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቁጥሩ ቶሎ አይታደስምና። ከ2ጂ ጋር የ4ጂን ቁጥር አያወዳድሩ፤ አለካካቸው ይለያያል። ከቆርቆሮው ቤት ወጥተው ደጅ መቆም ብቻ ትልቅ ለውጥ ሲያመጣ ያያሉ። ረዘም ያለ ወሬ ካለዎት እዚያ ይደውሉ፤ ቤት ውስጥ ሆነው መጻፍ በሚበቃበት ቦታ አጭር መልእክት ይላኩ።

ኔትወርኩ 2ጂ ብቻ ከሆነ የቀረዎት መላ ርቀት ነው። ባለ ሽቦ ኢርፎን ይሰኩና ስልኩን ድንጋይ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት። ኢርፎን ሰክቶ ስልኩን ደረት ኪስ መክተት ጭንቅላትን አድኖ ልብ አጠገብ ማምጣት ስለሆነ ጥቅሙን ያሳጣል። የብሉቱዝ ማዳመጫም ይሠራል፤ ብዙዎቹ የሚልኩት በጥቂት ሚሊ ዋት ነው። ሲደውሉ ሰውዬው እስኪያነሳ ስልኩን ከጆሮ አርቀው ይያዙ፤ 2ጂ ጥሪውን የሚጀምረው በከፍተኛ ጉልበት ነው። የስልኩን የታችኛውን ጫፍ በመዳፍዎ አይሸፍኑት፤ በብዙ ስማርት ስልኮች ዋናው አንቴና እዚያ ነው፣ ሲታፈን ስልኩ ጉልበት ይጨምራል።

ስለ ግለቱ፦ ጆሮዎን የሚያሞቀው በአብዛኛው የባትሪውና የውስጥ ዕቃው ሙቀት ነው። ነገር ግን ግለቱም፣ ባትሪው ቶሎ ማለቁም ስልኩ በሙሉ ጉልበቱ እየላከ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ኔትወርክ ጨርሶ በሌለበት ቦታ ደግሞ ስልኩ ታወር እየፈለገ ባትሪ ይጨርሳል፤ ማታ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያሳድሩት።

«ኮምቦልቻ፣ ከግቢያችን 40 ሜትር ላይ ታወር ተተክሏል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ቤት ልቀይር?» አባት፣ ከኮምቦልቻ

ለታወሩ ብለው ቤት አይቀይሩ። የታወር አንቴና ሞገዱን የሚልከው ወደ አድማስ፣ በጥቂቱ ወደ ታች አዘንብሎ ነው። ከሥሩ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ርቆ መሬት እስኪነካ ድረስ ደግሞ ይበተናል። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ለሕዝብ ያወጣው ጣሪያ በ900 ሜጋ ኸርዝ 4.5 ዋት በካሬ ሜትር፣ በ1800 ደግሞ 9 ነው። በየአገሩ ሰው በሚኖርበት ቦታ የተለካው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በመቶና በሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ታወሩ ቢነሳ የቤተሰብዎ ስልኮች ሁሉ ሩቅ ያለውን ለመድረስ ጉልበት ይጨምራሉ፤ ልጆችዎ ጆሯቸው ላይ ከሚይዙት ስልክ የሚቀበሉት በዚያው ልክ ያድጋል።

አደጋ ያለበት ቦታ አንቴናው ፊት ለፊት፣ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። አንቴና ፎቅ ጣሪያ ላይ ከተተከለ ቆርቆሮ ጠጋኝም ሆነ ቀለም ቀቢ ከፊቱ ቆሞ እንዳይሠራ፤ ኃይሉ እንዲቋረጥ የቴሌኮም ድርጅቱ አስቀድሞ ይጠየቅ። ልጆችም አጥሩን እንዳያልፉ። ማማው ሥር የናፍጣ ጄኔሬተር ካለ ጭሱና ድምፁ ከሞገዱ ይልቅ ልጆችዎን ይጎዳል፤ አቤቱታዎን በዚያ ላይ አጥብቀው ያቅርቡ።

«ባቲ ገበያ እነግዳለሁ። ሌባ ስለምፈራ ስልኬን ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው የምይዘው፤ ሰኞ ሰኞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። የስድስት ወር ልጅ አጠባለሁ። ወተቴን ይጎዳው ይሆን?» ነጋዴ፣ ከባቲ

ወተትሽን አይመርዘውም እህታችን፤ ሞገድ ሲቋረጥ ያልፋል፣ ወተት ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም። ጥቢውን ቀጥይ።

ቦታው ግን ይቀየር። አምራቾች ስልክን በሰውነት ላይ ሲፈትኑ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር አርቀው ነው፤ መመሪያው ላይም ተጽፏል። ላብ ባለበት ቆዳ ላይ የተለጠፈ ስልክ በዚያ ርቀት አልተፈተነም። ወፍራም የጨርቅ ከረጢት አሰፊና ከቀሚስሽ በላይ በመቀነትሽ እሰሪው፤ ለሌባም አይመችም። ዳታሽ ከተዘጋ፣ ካላወራሽበት ስልክ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚልከው። ዳታ ከተከፈተ ግን ቴሌግራሙም፣ ኢሞውም፣ ቲክቶኩም በየደቂቃው ይልካል ይቀበላል። ገበያ ስትወጪ ዳታውን ዝጊ። ስታጠቢ ደግሞ የልጁ ጭንቅላት ካለበት በተቃራኒው ጎን ያዢው፤ ልጁን አቅፈሽ ስልክ በትከሻሽ ደግፈሽ አታውሪ።

«ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ‹ጨረር ይከላከላል› የተባለ ስቲከር ገዛሁ። ይሠራል?» ከደሴ፣ ፒያሳ

አይሠራም። ሞገዱን በእውነት ቢያግድ ኖሮ ስልኩ መደወል አይችልም ነበር፤ በከፊል ካገደም ስልኩ ጉልበት ጨምሮ ያካክሰዋል። በአሉሚኒየም ወረቀት መጠቅለልም ያው ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉት «መከላከያዎች» ደግሞ ይብሳሉ፦ የኔዘርላንድ የጨረር ጥበቃ ባለሥልጣን በ2021 መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ 10 ዓይነቶች ራሳቸው ራዲዮአክቲቭ ሆነው ስላገኛቸው ሕዝቡ እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። ልጅ አንገት ላይ ካለ ዛሬውኑ አውልቁት።

«ከደሴ ወልድያ ሚኒባስ እነዳለሁ። ስልኬ ሁሌም የሱሪ ኪሴ ውስጥ ነው። መካን ያደርጋል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሾፌር፣ ከወልድያ

የተረጋገጠ ነገር አይደለም። በስዊዘርላንድ ከ18 እስከ 22 ዓመት ባሉ 2,886 ወጣቶች ላይ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት ስልካቸውን በቀን ከ20 ጊዜ በላይ የሚጠቀሙት የዘር ሕዋስ (ስፐርም) ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ስልኩን ሱሪ ኪስ ውስጥ ማድረግ ግን ለብቻው ልዩነት አላመጣም፤ ግንኙነቱም ከ2ጂ ወደ 3ጂና 4ጂ በተሸጋገሩት ዓመታት እየደከመ ሄዷል። ለእርስዎ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ በመያዣ ያቁሙት። መኪና ብረት ነው፣ መንገዱም ታወር እያቀያየረ ስለሚሄድ ስልኩ ጉዞውን ሙሉ ይለፋል። መደወል ሲያስፈልግ ጥግ ይዘው ይቁሙና ወርደው ያውሩ። ይህን የምንለው ለሞገዱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዎ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎችም አስበን ነው።

«ስልክ ስገዛ የጨረር መጠኑን በምን አውቃለሁ?» የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ

ኮከብ፣ መሰላል፣ 07፣ መሰላል ብለህ ጫን፤ በብዙ ስልኮች ላይ ኤስ ኤ አር የሚባለው ቁጥር ይመጣል። ሰውነት ከስልኩ የሚቀበለውን ጉልበት በዋት በኪሎ ግራም የሚገልጽ ነው። የአውሮፓ ጣሪያ ለጭንቅላትና ለአካል 2፣ ለእጅና ለእግር 4 ነው፤ የአሜሪካው ለጭንቅላት 1.6 ሆኖ አለካኩ ስለሚለይ ሁለቱን ቁጥሮች አታወዳድር። በ2023 ፈረንሳይ የአይፎን 12 ሽያጭን ለጊዜው ያገደችው በእጅ ሲያዝ 5.74 ስለተለካ ነው፤ አምራቹ ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ተፈታ።

ቁጥሩ ግን ስልኩ በሙሉ ጉልበቱ ሲልክ የሚገኝ ነው። 1.2 የሆነ ስልክ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት፣ 0.6 የሆነው ደግሞ ገደል ውስጥ ቢደወልበት፣ ባለ 0.6ቱ የበለጠ ሊሰጥህ ይችላል። ስለዚህ ስትመርጥ ስልኩ 4ጂ መያዙንና ኔትወርክ በደንብ መሳቡን አስቀድም። ምንጩ የማይታወቅ አስመሳይ ስልክ የሚያሳየውን ቁጥር አትመን፤ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

«አባቴ የልብ ምት ማስተካከያ ተተክሎላቸዋል። ስልክ መጠቀም ይችላሉ?» ልጅ፣ ከኩታበር

ይችላሉ። ስልኩ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ደረት ኪስ ውስጥ አይክተቱት፤ መሣሪያው በግራ ደረታቸው ከሆነ በቀኝ ጆሮ ያውሩ። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮችና ሽፋኖች ጀርባቸው ላይ ማግኔት አላቸው፤ ማግኔት ደግሞ መሣሪያውን ሊያውክ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ስልክ ሲቀርባቸው ማዞር ወይም የልብ መምታት ከተሰማቸው ወዲያው አርቁትና ለተከታታይ ሐኪማቸው ንገሩ።